ሰማይ አቋርጦ ኮሪደር ላይ

ሁለተኛ ቴሌቪዥን ሲገዛ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛ ቴሌቪዥን ይሻራል እንጂ አይገዛም። አንድ ቀን የዕቁብ ዕጣ ወይም ከዱባይ የሚመለስ ዘመድ ጠፍጣፋውን ይዞ ከች ይላል፤ ዓመታት ሳሎኑን ሲገዛ የኖረው ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ዳንቴሉን ተገፎ ከቡፌው ላይ ይወርዳል። እንዳይሸጥ የሚሰጡት ዋጋ ስድብ ነው። እንዳይጣል በስንት ጭቅጭቅ የተገዛ ዕቃ ነው። የእኛን ያየው ቁራሌው አንዴ ሊያነሣው ሞከረና ወገቡን ይዞ፣ «ይኼንንማ የምወስደው እናንተ ከፍላችሁኝ ነው» ብሎ ሄደ። ስለዚህ በአገራችን የተሻረ ሁሉ የሚገጥመው ገጠመው፦ ራቅ ወዳለ ቦታ ተሾመ። የተሾመውም እማማ የምንላቸው አማቴ ክፍል ነው።

ቤታችን በአንድ ሪሞት የሚተዳደር ቤት ነበር። እማማ ስብከትና መዝሙር ይወዳሉ። ባለቤቴ አማርኛ የሚናገሩትን ቱርኮች ትከታተላለች፤ ማን ማንን እንደካደ ከዘመዶቿ ታሪክ ይልቅ የእነሱን ጠንቅቃ ታውቃለች። ልጆቹ ካርቱን። እኔ ኳስ። አሮጌው ቴሌቪዥን ወደ እማማ ክፍል ሲገባ አራታችንም ወገን በየልባችን አንድ ነገር አሰብን፦ ከእንግዲህ ሰላም ነው።

ችግሩ ቴሌቪዥን ብቻውን ቴሌቪዥን አለመሆኑ ነው። እማማ ክፍል ገብቶ፣ ዳንቴሉ ተመልሶለት፣ ላዩ ላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል ተቀምጦለት፣ ሲበራ የሚያሳየው የሚርመሰመስ ነጭና ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። እማማ ለጥቂት ጊዜ በትዕግሥት አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኼ ጉንዳን መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

በዱሮ ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጣቢያው አንድ፣ ስርጭቱ በምሽት ጥቂት ሰዓት፣ ተመልካቹ ደግሞ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት የተሰበሰበ የሰፈር ሰው ነበር። ያኔ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ያለው ሀብታም ቢኖር ያንኑ ዜና በሁለት ክፍል ከመስማት ሌላ ትርፍ አልነበረውም። ሪሞት የሚባል ነገር ቢመጣም የሚቀማው አይኖርም፤ ምን ሊቀይርበት? ጠቡን ያመጣው ዲሽ ነው። ዲሽ መጣና አማራጭ አመጣ፤ አማራጭ በገባበት ቤት ደግሞ ወገን መለየት የግድ ነው። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የአገራችን ጣቢያዎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ወደ ተባለው ሳተላይት ሲጓዙ፣ ለዓመታት ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተቀስሮ የኖረው የአዲስ አበባ ዲሽ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። የአገር ጣቢያዎችንም የአረብ ጣቢያዎችንም አላጣም ያለ ሰው ሁለት ዲሽ ተከለ። እኛ ሁለት የተከልን ነን። አንደኛው ስብከትና ቱርክ ያያል፤ ሁለተኛው ኳስ ያያል።

እንግዲህ የቀረው ከሳሎን እስከ እማማ ክፍል ድረስ ኬብል መዘርጋት ነው። በመካከል አንዲት ኮሪደር አለች፤ የከተማውን ኮሪደር አይደለም የምለው፣ ጫማ የሚደረደርባትን የቤታችንን ነው። ዲሽ የሚሠራው የሰፈራችን ልጅ መጣ፣ አንጋጦ አየ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዋጋ ተናገረ። ዋጋውን የሰማው የባለቤቴ ወንድም ሣቀ። ከዚያም በብዙ ቤት ብዙ ግድግዳ ያፈረሰችውን ቃል ተናገረ፤

«ምን አላት ይቺ? ሽቦ መዘርጋት አይደል እንዴ!»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተሰቀለ ነው። ሥዕሉ ያንን ሁሉ ባዶ ሰማይ ቁልቁል ተወርውሮ የእኛን ጣሪያ ለማግኘት ከሴኮንድ አንድ ስምንተኛ አይፈጅበትም። ከጣሪያችን እማማ ክፍል ለመድረስ ግን ከፍልሰታ እስከ መስቀል ፈጅቶበታል።

መጀመሪያ የመንገድ ጥያቄ ተነሣ። ባለቤቴ ኬብሉ በኮርኒስ በላይ ይሂድ አለች፤ እንዳይታይ። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው፤ ከአቡጀዲው በላይ ያለው አገር ደግሞ የአይጦች ነው፤ አዲስ ፕላስቲክ ሲያገኙ የሚያደርጉትን ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሟ በበር በኩል በመሬት ይለፍ አለ፤ እንደዚያ ከሆነ በሩ ዕድሜ ልኩን ገርበብ ብሎ ሊኖር ነው። እማማ በበኩላቸው በመስኮት ይግባ አሉና መልሰው ብርድ ይገባል አሉ። በመጨረሻ በውጭ በኩል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ግድግዳ ተበስቶ እንዲገባ ተወሰነ። ድሪል ከጎረቤት ተዋስን።

ድሪሉን ይዘው የመጡት ራሳቸው ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በቴሌ ቴክኒሻንነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ዕቃቸውን ብቻውን አያውሱም፤ እሳቸውም አብረው ይዋሳሉ። መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ወንድሟ ከመርካቶ ያመጣውን የተጠቀለለ ኬብል ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ላዩ ላይ የታተመውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«አርጂ 59 ቢሆን ኖሮ እመልስህ ነበር» አሉት። «አርጂ 6 ነው። ይሁን።»

ከዚያ ትምህርት ጀመሩ። እኔ መሰላል ይዤ ቆሜ ስለነበር የትም መሄድ አልችልም። ኮአክሲያል ኬብል ክረምት ላይ እንደወጣ ሽማግሌ ልብስ በልብስ የደረበ ነገር ነው፦ መሐሉ ላይ መዳብ ይሁን መዳብ የለበሰ ብረት አንዲት ቀጥ ያለች ሽቦ፣ በእሷ ላይ ነጭ ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ፣ በላዩ ስስ የአልሙኒየም ወረቀት፣ በላዩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን ሽቦ፣ ከሁሉ በላይ ጥቁሩ ጎማ። ሥዕሉ የሚጓዘው በመካከለኛዋ ሽቦና በተጎነጎነው መሐል ባለው ስፍራ፣ በነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። የውጭው ሹሩባ የሬዲዮውን፣ የሞባይሉን፣ የጎረቤቱን ብየዳ ጫጫታ ወደ ውስጥ አያስገባም፤ የውስጡንም ወደ ውጭ አያወጣም። «ስለዚህ» አሉ ጋሼ ወደ ወንድሟ መዶሻ እያዩ፣ «ይኼን ኬብል በሚስማር ጨፍልቀህ ግድግዳ ላይ ብትቸነክረው፣ ወይም እንደ ገመድ አጥፈህ ብትቋጥረው፣ ነጩ ፕላስቲክ ይደፈጠጣል። 75 ኦም መሆኑ ቀረ። ሥዕሉ እዚያ ሲደርስ እየነጠረ ወደመጣበት ይመለሳል።»

ይህን ኬብል እ.ኤ.አ. በ1880 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ኦሊቨር ሄቪሳይድ የሚባል ሰው ነው። የጋሼ ጀግና ነው። በ16 ዓመቱ ትምህርት ያቆመ፣ ቴሌግራፍ ቤት የሠራ፣ ጆሮው የከበደ፣ የሒሳቡን ሊቅነት በራሱ ንባብ ያገኘ ሰው። ያኔ ቴሌቪዥን ገና ያልተፈጠረ ነገር ነበር። ሰውየው በእርጅናው ከቤቱ የቤት ዕቃውን አውጥቶ በምትኩ የጥቁር ድንጋይ ጥርብ አስገብቶበት ነበር ይባላል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ እማማ ከክፍላቸው ሆነው፣ «ሚስት አልነበረውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አልነበረውም። «ታዲያ ማን ይከልክለው» አሉ።

ወደ ግድግዳው። ዋናው ቤታችን ጭቃ ነው፤ እማማ ክፍል በኋላ የተቀጠለ ብሎኬት። የጭቃ ግድግዳ ሲበሱት በጣት የሚያህል ቀዳዳ ይጠየቃል፣ በጡጫ የሚያህል ይሰጣል፤ ጭዱም አብሮ። ብሎኬት ሌላ ጠባይ አለው፤ ሆዱ ባዶ ነው። ወንድሟ በውጭ በኩል በሳ፣ በውስጥ በኩል በሳ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ግን አይተያዩም። ኬብሉ በአንዱ ይገባና ብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። የልብስ መስቀያ ሽቦ ተዘረጋ፣ ኬብሉ በናስትሮ ጫፉ ላይ ታሠረ፣ ልጆቹ ከውስጥ በባትሪ እያበሩ «አየነው! አላየነውም!» እያሉ በመከራ ተወለደ። ጋሼ አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቀው ያዙ፦ ቀዳዳው ወደ ውጭ ዘመም ይበል፤ ኬብሉም ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው በታች ወረድ ብሎ ይንጠልጠልና ተመልሶ ወደ ላይ ይግባ። የዝናብ ውኃ ኬብሉን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ዝቅ ያለችው ቦታ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠብና እዚያው ይቀራል። ይህችን ብልሃት ያላወቀ ሰው በነሐሴ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሳህን ያስቀምጣል። ከዚያ ሁሉ ንግግራቸው ለሰው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ጫፉን መግጠም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኮኔክተሩ ውስጥ የሚገባ ሌላ መርፌ የለም፤ የኬብሉ የመካከለኛዋ ሽቦ ራሷ ናት መርፌዋ። ጎማው በጥንቃቄ ይላጣል፣ ሹሩባው ተፈቶ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ነጩ ይቆረጣል፣ ሽቦዋ ብቻዋን ትወጣለች። ከተፈታው ሹሩባ አንዲት ፀጉር እንኳ ዞራ መካከለኛዋን ብትነካ አለቀ፤ ሾርት ነው። ወንድሟ የላጠው በሽንኩርት ቢላ ነው። ባለቤቴ ያንን ስታይ የተናገረችው እዚህ አይጻፍም። ሜሪላንድ ላለ ዘመዳችን ይህን ሁሉ በቪዲዮ ስናሳየው እዚያ ቤቱ ሲሠራ ኬብሉ በየመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚመጣ ነገረን። የእሱ ቤት ውስጥ ግን ቴሌቪዥን የተሰካበት አንድም የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ወንድሟ ይህን ሰምቶ ለአፍታ ቢላውን አስቀመጠ። ከዚያ አነሣው።

በሥራው መሐል ጣሪያ ላይ ሲወጣ ዲሹን በክርኑ ነካው። ዲሽ የተነካበት ቤት የሚሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ሳሎን ያለው ልጅ ስክሪኑን ያያል፣ ግቢ የቆምኩት እኔ የልጁን ቃል ተቀብዬ ወደ ጣሪያ እወረውራለሁ፣ ጣሪያ ያለው ያዞራል።

«መጣ?»

«መጣ ወይ ይልሃል!»

«መጣ!»

«መጣ ይላል!»

«እሺ እዛው ነው!»

«ኧረ ሄደ!»

መልእክቱ ከሳሎን ጣሪያ እስኪደርስ ዲሹ ካለፈበት ስለሚያልፍ፣ «መጣ» የሚለው ቃል የሚደርሰው ሲሄድ ነው፤ «ሄደ» የሚለው ሲመጣ ነው። በዚያ ላይ እማማ ከክፍላቸው ሆነው ለራሳቸው ቴሌቪዥን መልስ ይሰጣሉ፤ የእሳቸው ገና አልተገናኘም። ጉንዳኑ ወፈር ሲል «መጣ!» ይላሉ። የአንድ ዲግሪ ስሕተት ያን ያህል ርቀት ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሳት ማለት ነው ብለው ጋሼ ከበርጩማቸው ላይ ያስረዳሉ። ማንም አልሰማቸውም።

ወንድሟ ለሁለት የሚከፍለውን ስፕሊተር የገጠመው ከሳሎኑ ጀርባ ነው። አንድ መግቢያ፣ ሁለት መውጫ፤ አንዱ ለሳሎን ሪሲቨር፣ አንዱ ለእማማ አዲስ ለተገዛችላቸው ትንሽ ሪሲቨር። ተከፈተ። ሳሎን ቱርኮቹ አሉ። እማማ ክፍል ሰባኪው አሉ። እልል ተባለ፤ ቡና ተፈላ። ጋሼ ብቻ ስፕሊተሯን አገላብጠው አይተው ዝም አሉ። ዝምታቸውን የቡናው ጥም ነው ብለን ተረጎምነው።

ማታ ኳስ ነበር። የአረቡን ጣቢያ ከመክፈቴ ከወዲያኛው ክፍል፣ «ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ሰባኪው ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ ነው የወሰድክብኝ!»

እኔ ምንም አልነካሁም። እማማም አላመኑኝም። መልሰው የራሳቸውን ሪሞት ሲጫኑ ደግሞ የእኔ ኳስ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ አጥቂው ለፍጹም ቅጣት ምት እየተንደረደረ ነበር። በማግስቱ ጋሼ ሲጠሩ ማስረጃውን ከትናንት ጀምሮ አዘጋጅተው ኖሯል የመጡት።

«እናንተ ኬብሉ ሥዕል ብቻ የሚያወርድ ይመስላችኋል» አሉ። «ትእዛዝም ያወጣል።» እውነት ነው። ዲሹ አፍ ላይ ያለችው ኤልኤንቢ መብራት የምታገኘው በዚሁ ኬብል ከሪሲቨሩ ነው። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክላት በቁም የሚመጣውን ሞገድ ትቀበላለች፤ 18 ሲልክላት በአግድም የሚመጣውን። ሪሲቨሩ ላይ ቪ እና ኤች ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ሁለቱን ዲሾች የምታማርጠውም ስዊች ትእዛዟን የምትቀበለው በዚያው መንገድ ነው። ስፕሊተሯ ኬብሉን ስትከፍል ሥዕሉን ብቻ አይደለም የከፈለችው፤ ሥልጣኑንም ከፍላለች። ሁለት ሪሲቨር ለአንድ ስዊች ያዛሉ። አንዱ 13 ሌላው 18 ቢልክ 18ቱ ያሸንፋል፤ ስዊቿ ደግሞ መጨረሻ ያዘዛትን ትሰማለች። እኔ ወደ ምዕራብ ስል እማማ ወደ ምዕራብ፤ እማማ ወደ ምሥራቅ ሲሉ እኔ ወደ ምሥራቅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲያስረዱ እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ቮልቱ አልገባቸውም፤ «መጨረሻ ያዘዛትን ትሰማለች» የሚለው ግን ልባቸው ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ኳስ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሥዕሉ ይቆማል። ልጆቹ ሳያጠኑ ካርቱን ሲከፍቱ ካርቱኑ ይሄዳል። ባለቤቴ ወጥ እየተጣደ ቱርኮቹ ላይ ስትቆይ ከዚያ ክፍል አንዲት ቁልፍ ትጫናለች። እማማ ከአልጋቸው ሳይነሡ ቤቱን ያስተዳድሩ ጀመር። ለካ የተሾሙት አሮጌው ቴሌቪዥን ሳይሆን እሳቸው ነበሩ፤ እኛ አላወቅንም። ሲጠየቁ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሰባኪዬን ልከፍት ብዬ እኮ ነው» ይላሉ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ወደ ምሥራቅ ባየው ዲሽ ላይ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ይገጠማል፤ አንዱ መውጫ በስዊቹ በኩል ወደ ሳሎን፣ ሁለተኛው ከማንም ጋር ሳይነካካ በቀጥታ ወደ እማማ። እያንዳንዱ መውጫ የራሱን ሪሲቨር ብቻ ይሰማል። ስፕሊተሯም ተነሥታ መሳቢያ ውስጥ ገባች፤ ኬብል አስቀድሞ ያለ ስለነበር ሥራው አላስቸገረም። አሥራ ምናምን ሜትር አርጂ 6 የሚበላው ሥዕል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚበላው መጋጠሚያው ነው፤ እሱን ደግሞ ጋሼ ራሳቸው በራሳቸው ፒንሳ አጥብቀው ገጠሙት። መስቀል ሲደርስ ሁለቱ ክፍሎች ነጻ ወጡ። ሰባኪው ስለ ትዕግሥት የጀመሩትን ጨረሱ። እኔም ቅጣት ምት እስከ መጨረሻው አየሁ፤ ሳተው።

ሳምንት ሳይሞላ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎን መጡ። ሶፋው ጥግ ላይ የዱሮ ቦታቸው ተቀመጡና ኳሱን ማየት ጀመሩ። ባለ ቢጫው ለምን እንደወደቀ ጠየቁኝ። ባለቤቴ፣ «እማዬ፣ የራስሽ ቴሌቪዥን ተበላሸ እንዴ?» አለቻቸው።

«ምን ይበላሻል፣ ጥርት ብሏል» አሉ። «እዚያ ብቻዬን ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?»

አሁን እማማ ክፍል ያለውን ቴሌቪዥን የሚያዩት ልጆቹ ናቸው። ሪሞቱን ማን ይያዝ በሚል እዚያ አዲስ ጠብ ተነሥቷል። ጋሼ ደግሞ ባለፈው እሑድ ለቡና መጥተው፣ ሳይጠየቁ፣ ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ እንዳለ ለባለቤቴ ነገሯት። ወንድሟን ጠርታ ወጥ ቤት አስገብታዋለች፤ ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ በስንዝር እየለካ ነው። «ምን አላት ይቺ» ሲል ሰምቼዋለሁ።